አምስት መኪናና ስድስት ዕቃ
የሚግሮ መደብሮች አመሠራረትና መሠረተ ሐሳብ

(በታሪክ ክበብ አባል፥ ከ12ኛ ክፍል)

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ስኳርና ስለ ሳሙና መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ልባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜናና የጦርነት ወሬ ነው። ነገር ግን እናቶቻችን ዘምቢል ይዘው ወደ ገበያ ሲወጡ የሚከፍሉት ዋጋ፥ ያም ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት ምክንያት፥ በአምራቹና በገዢው መካከልም ስንት እጅ እንዳለ፥ ይህ ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ የሠሩት ሰዎች እንደ ጦር አለቆች ሐውልት ባይቆምላቸውም ሥራቸው በየቤቱ ማዕድ ላይ ይታያል።

ደግሞም የምሥረታ በዓል በተከበረ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። መሥራቾች ያልፋሉ፤ ያሰቡት ሐሳብ ግን ከእነርሱ በኋላ በምን ይጠበቃል? ይህን ጥያቄ ስመረምር በስዊዘርላንድ አገር የሚገኘው ሚግሮ የሚባለው የምግብ ሸቀጥ መደብር ታሪክ መልካም ምሳሌ ሆኖ አገኘሁት። ሚግሮ በአገሩ ከሚገኙት ከሁለቱ ታላላቅ የችርቻሮ ድርጅቶች አንዱ ነው። በ2023 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት፤ የዚያ ዓመት ጠቅላላ ሽያጩም ከ30 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ነበር። ሲጀመር ግን የነበረው አምስት መኪናና ስድስት ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

የሐሳቡ ምንጭ

የሚግሮን ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ ወደ እንግሊዝ አገር መሻገር ያስፈልጋል። በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሮችዴል ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሥራ ሠራተኞች በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ኑሮ እጅግ ከብዶአቸው ነበር። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ ከባለ ሱቅ የሚገዙት ዱቄትም ብዙ ጊዜ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ነበር፤ በዱቤ የወሰደ ሰውም ከዕዳው ሳይወጣ ሌላ ዕዳ ይደርስበታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል 28ቱ ተስማምተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጡና በ1844 ዓ.ም. ዲሴምበር 21 ቀን ቶድ ሌን በሚባለው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡትም ቅቤ፥ ስኳር፥ የስንዴና የአጃ ዱቄት፥ ሻማም ነበር።

ሱቂቱ ትንሽ ብትሆንም ያቆሙላት ሕግ ታላቅ ነበር። ገንዘቡ ብዙ የሆነም ጥቂት የሆነም አባል ድምፁ አንድ ብቻ ይሁን፤ ዕቃው ንጹሕ፥ ሚዛኑ ትክክል ይሁን፤ ከትርፉም እያንዳንዱ አባል እንደ ገዛው መጠን ይካፈል፤ የሚል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እነዚያ ሸማኔዎች ከሠሩት ሥራ ጋራ እንዴት እንደሚስማማ አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ ሐሳብ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር ተሰራጨ፤ ስዊዘርላንድም ደረሰ። በዙሪክ ከተማ ከተቋቋሙት የሸማቾች ማኅበራት በአንዱ አስተዳዳሪ ሆኖ ይሠራ ከነበረው ሰው ቤት ነው የሚግሮ መሥራች የወጣው። እንግዲህ ልጁ ገና በአባቱ ቤት ሳለ ሸማቾች ተባብረው ሱቅ ሊያቆሙ እንደሚችሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እውቀት ፍሬ ያፈራው ብዙ ዓመት ካለፈና ብዙ መከራ ከታየ በኋላ ነው።

መሥራቹ

ጎትሊብ ዱትቫይለር በኦገስት 15 ቀን 1888 ዓ.ም. በዙሪክ ተወለደ። ንግድን የተማረው በአንድ የጅምላ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው፤ ኋላም በትጋቱ የዚያው ንግድ ቤት ባለ ድርሻ ለመሆን በቃ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ ምግብ ስለ ተወደደ ንግዱ እጅግ ሰፋ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን ዋጋ ወደቀ፤ ድርጅቱም ኪሳራ ደረሰበትና ፈረሰ። ሀብታም የነበረው ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ያለ ሥራ ቀረ።

ዱትቫይለር ከሚስቱ ከአዴሌ ጋራ ወደ ብራዚል ተሰዶ በእርሻ ሥራ ለመኖር ሞከረ፤ ሆኖም ኑሮው አልሰመረላቸውም፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲመለስ ግን ባዶ እጁን አልነበረም። በጅምላ ንግድ ባሳለፈው ዘመን ቡናና ሩዝ ከወደብ ላይ በስንት እንደሚገዛ አጥርቶ ያውቃል። ያው ዕቃ በዙሪክ ሱቆች በስንት እንደሚሸጥም ያያል። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነበር። የቤት እመቤቲቱ የምትከፍለው ገንዘብ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የብዙ አስተላላፊዎች ትርፍ፥ የሱቅ ኪራይ፥ በዱቤ ወስዶ ሳይከፍል የቀረው ሰው ዕዳም ጭምር ነበር።

አምስቱ መኪናዎች

በኦገስት 1925 ዓ.ም. ዱትቫይለር በ100,000 ፍራንክ ካፒታል አንድ የአክሲዮን ማኅበር አቋቋመ። ስሙንም ሚግሮ አለው። በፈረንሳይኛ «ግሮ» ማለት ጅምላ ነው፤ «ሚ» ደግሞ እኩሌታ ማለት ነውና ስሙ በጅምላና በችርቻሮ መካከል ያለ ንግድ መሆኑን ያመለክታል። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ፎርድ የሚባሉ አምስት የጭነት መኪናዎች በዙሪክ መንገዶች ላይ ወጡ። በመኪናዎቹ ላይ የተጫነው ስድስት ዓይነት ዕቃ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ቡና፥ ሩዝ፥ ስኳር፥ መኮሮኒ፥ የኮኮነት ቅባትና ሳሙና ነው። መኪናው በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ቦታ ላይ ይቆማል፤ እመቤቶች ወጥተው ይገዛሉ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል። ዋጋውም ከሱቆቹ እስከ 40 በመቶ ድረስ የሚቀንስ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ተንኰል የለበትም፤ ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ ሱቅ በአንድ ፓኮ ስኳር ላይ 20 ሳንቲም ቢያተርፍና በቀን 10 ፓኮ ቢሸጥ የሚያገኘው 2 ፍራንክ ነው። ሌላው ደግሞ በአንዱ ፓኮ ላይ 5 ሳንቲም ብቻ ቢያተርፍና 100 ፓኮ ቢሸጥ 5 ፍራንክ ያገኛል። ገዢው በርካሽ ገዛ፤ ሻጩም የበለጠ አተረፈ። ለዚህ ግን ዕቃው ዓይነቱ ጥቂት፥ ሽያጩ ፈጣን፥ ወጪውም ትንሽ መሆን አለበት። መኪናው የሱቅ ኪራይ አይከፍልም፤ ለጌጥ የሚሆን የመስታወት መስኮት የለውም፤ ዕቃም መጋዘን ውስጥ አያሳድርም።

ዱትቫይለር አንድ ሌላ ብልሃትም ነበረው። ሌሎች ነጋዴዎች ክብደቱን ሙሉ አድርገው ዋጋውን በሳንቲም ሲቆራርጡ፥ እርሱ ዋጋውን ሙሉ ፍራንክ ወይም ግማሽ ፍራንክ አድርጎ ክብደቱን በዚያ ልክ አስተካከለ። ስለዚህ በመኪናው ፊት መልስ መቁጠር ቀረ፤ ሽያጩም ፈጠነ። ዋጋው ሲቀንስም ፓኮው ከበደ እንጂ የሚከፈለው ገንዘብ አልተለወጠም። በሚያሳትመው ማስታወቂያም ላይ የሚያነጋግረው በቤትዋ ወጪ ላይ ማሰብ ግድ የሆነባትንና ሂሳብ አዋቂ የሆነችውን እመቤት ነበር። ገዢውን እንደ ልጅ የሚያባብል ሳይሆን እንደ አዋቂ የሚያስረዳ ማስታወቂያ በዚያ ዘመን ብዙ የተለመደ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በዲሴምበር 1926 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው ቋሚ ሱቅ በዙሪክ ተከፈተ። ከዚያም በኋላ መኪናዎቹና ሱቆቹ ወደ ሌሎች ካንቶኖች (ካንቶን ማለት የስዊዘርላንድ ክፍለ አገር ነው) ተስፋፉ።

ተቃውሞና ትግል

ለገዢዎች ደስታ የሆነው ነገር ለብዙ ሌሎች ሰዎች ኀዘን ሆነ። አንዳንድ ካንቶኖች በመንገድ ላይ በሚሸጡት መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣሉ። ታላላቅ ፋብሪካዎችም ዋጋችንን ያረክስብናል ብለው ዕቃቸውን ለሚግሮ አንሸጥም አሉ። ዱትቫይለር ግን «ካልሸጣችሁልኝ እኔው እሠራዋለሁ» በሚል መንፈስ ተነሣ። በ1928 ዓ.ም. በዙሪክ ሐይቅ ዳር በማይለን የሚገኘውን ያልፈላ የፍራፍሬ ጭማቂ የሚሠራ ፋብሪካ ገዛ። ከዚያም ወዲህ ሚግሮ ብዙውን ዕቃ በራሱ ፋብሪካ የሚሠራ ነጋዴ ሆነ።

በዚህ ትግል መካከል የሚያስቅም ነገር አልጠፋም። በዚያን ጊዜ ሐግ የሚባል ካፌይን የወጣለት ቡና በጣም የታወቀ ነበር። «ሐግ» ደግሞ በስዊስ ጀርመንኛ አጥር ማለት ነው። ዱትቫይለር የራሱን ቡና አዘጋጀና «ሳውን» የሚል ስም አወጣለት። ይህም ቃል በመደበኛው ጀርመንኛ ያው አጥር ማለት ነው። በእንደዚህ ያለው ስም ምክንያት ከባለ ፋብሪካዎች ጋራ በየፍርድ ቤቱ ይከራከር ነበር፤ ክርክሩ ግን በጋዜጣ በተጻፈ ቁጥር ለሚግሮ ዕቃ የማይከፈልበት ማስታወቂያ ሆነ።

ከሁሉ የከበደው ግን በ1933 ዓ.ም. የመጣው ነው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ መንግሥት ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው መደብሮች አዲስ ቅርንጫፍ እንዳይከፍቱ በሕግ ከለከለ። ይህ ክልከላ እስከ 1945 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ለ12 ዓመት ያህል ጸና።

እዚህ ላይ በፍርድ መካከል አድልዎ እንዳይሆንብኝ ስለ ትንንሾቹ ባለ ሱቆች ጥቂት መናገር ይገባኛል። ያ ሕግ የወጣው በክፋት ብቻ አልነበረም። ዘመኑ በዓለም ላይ የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰበት ዘመን ነበር፤ አንዲት ሱቅ ይዞ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ሚግሮ በሰፈሩ በቆመ ጊዜ እንጀራው እንደሚቈረስበት ያያል። ደግሞም ትንሹ ባለ ሱቅ የሚሠራው ትልቁ መደብር የማይሠራው ነገር አለ። በእኛ ሰፈር ያለው ባለ ሱቅ ወሩ ሳያልቅ ገንዘብ ባለቀ ጊዜ በደብተሩ ላይ ይጽፍና ዘይቱንም ስኳሩንም ይሰጠናል። እናቴም «እግዜር ይስጥልን» ብላ ትወስዳለች። የሚግሮ መኪና ግን ዱቤ አያውቅም ነበር፤ ርካሽነቱም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእጁ ላይ ሳንቲም ለሌለው ሰው ርካሽ ዋጋ ምን ይረባዋል? የሮችዴል ሰዎችም ዱቤን የከለከሉት ዕዳ ድኻውን እንደሚያስር አይተው ነው፤ የሰፈር ባለ ሱቅ ደግሞ ዱቤን የሚሰጠው ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። የታሪክ ተማሪ አሸናፊውን ብቻ ማመስገን አይገባውም።

ዱትቫይለር በበኩሉ ክልከላውን ለመታገል ወደ ፖለቲካ ገባ። በ1935 ዓ.ም. ከጥቂት ነፃ ወዳጆቹ ጋራ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከእነርሱ ጋራ ፓርቲ አቋቋመ። ጋዜጣም አወጣ። ጠባዩ ግን ሁልጊዜ የታገሠ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. አገሪቱ ለክፉ ቀን የሚሆን የምግብ ክምችት እንድታደርግ ያቀረበው ሐሳብ ሳይታይለት ስለ ዘገየ ተቈጥቶ የፓርላማውን ሕንፃ መስኮት በድንጋይ ሰበረ። በእኛ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ወላጅ ሳያመጣ ክፍል አይገባም ነበር። ለምግብ ክምችት የነበረውን አሳብ እናመሰግናለን፤ ድንጋዩን ግን ማንም ተማሪ ምሳሌ አድርጎ እንዳይከተለው እለምናለሁ።

ሀብቱን ለገዢዎች መስጠቱ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የአንድ ብርቱ ነጋዴ ታሪክ ነው። እንደዚህ ያሉ ብርቱ ነጋዴዎች በብዙ አገር ተነሥተዋል። ዱትቫይለርን ከሌሎቹ የሚለየው በ1941 ዓ.ም. ያደረገው ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስዊዘርላንድን ከአራት ማዕዘን ከቦአት ነበር። ሚግሮ አትራፊ ድርጅት ነው፤ ዱትቫይለርና አዴሌም ልጅ አልነበራቸውም። ሊሸጠው ወይም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ጌታው ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን የአክሲዮን ማኅበሩን አፍርሶ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት ለወጠው። ለተመዘገቡት ደንበኞችም ለእያንዳንዳቸው 30 ፍራንክ የሚያወጣ የድርሻ ወረቀት በነፃ አደለ። በየክፍለ አገሩ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ እነርሱም በአንድ ፌዴሬሽን ተያያዙ። ትናንት ገዢ የነበረችው እመቤት ዛሬ የመደብሩ ባለቤት ሆነች።

ይህ ለስም ብቻ የተደረገ አይደለም። አባል የሆነ ሁሉ፥ ወንድም ሴትም፥ በማኅበሩ ጉዳይ አንድ ድምፅ አለው። ይህን በትክክል ለመመዘን አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገሪቱ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1971 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንዲት የዙሪክ እመቤት ስለ አገርዋ ሕግ ከመጠየቅዋ ከ30 ዓመት በፊት ስለምትገዛበት መደብር ትጠየቅ ነበር ማለት ነው። አባትዋ ወይም ባልዋ ስለ እርስዋ አልመረጠም፤ ራስዋ መረጠች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው። በ1944 ዓ.ም. ሚግሮ ተራው ሰው በትንሽ ክፍያ ቋንቋ የሚማርበትን ትምህርት ጀመረ፤ ይህም አድጎ በመላ አገሪቱ የተስፋፋ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሆነ። ዱትቫይለርና ሚስቱ በሩሽሊኮን ከዙሪክ ሐይቅ በላይ ያለውን ሰፊ መሬታቸውን ሕዝብ እንዲናፈስበት ሰጡ። በ1948 ዓ.ም. ገዢው ዕቃውን በገዛ እጁ እያነሣ የሚገዛበት መደብር በዙሪክ ተከፈተ፤ ዛሬ በየከተማው የምናየው የሱፐርማርኬት ሥርዓት ይህ ነው። በ1950 ዓ.ም. የገና ዕለት ባልና ሚስቱ ለተተኪዎቻቸው 15 ነጥብ ያለው የአደራ ቃል ጻፉ። ከነጥቦቹ አንዱ የድርጅቱ ሀብትና ኀይል እያደገ በሄደ መጠን ለሕዝብ የሚያደርገው የማኅበራዊና የባህል አገልግሎት ከዚያ በበለጠ እንዲያድግ የሚያሳስብ ነው።

ዱትቫይለር አደራ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር እንደሚረሳ ያውቅ ነበርና በ1957 ዓ.ም. ነገሩ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ገባ። በደንቡም መሠረት ማኅበራቱ ከሽያጫቸው ላይ የተወሰነ ክፍያ በየዓመቱ ለትምህርት፥ ለሙዚቃ፥ ለቴአትርና ለሌላም የባህል ሥራ ያወጣሉ። የየክፍለ አገሩ ማኅበር ከችርቻሮ ሽያጩ ግማሽ በመቶ፥ ፌዴሬሽኑ ደግሞ ከጅምላ ሽያጩ አንድ በመቶ ይከፍላል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ቃል እንዲያስተውል እወዳለሁ፤ ክፍያው የሚታሰበው ከትርፍ አይደለም፥ ከሽያጭ ነው። ከትርፍ ቢሆን ኖሮ በክፉ ዓመት «ዘንድሮ አላተረፍንም» ተብሎ ይቀር ነበር። ከሽያጭ ስለ ሆነ ግን ቢያተርፉም ባያተርፉም ይከፈላል። የተረፈውን መስጠት ለብዙ ሰው ይቻላል፤ ሳይተርፍ መስጠት ግን ሕግ ካላሰረው በስተቀር የሚጸና አይደለም።

ጎትሊብ ዱትቫይለር በጁን 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ዐረፈ። ሚስቱ አዴሌ እስከ 1990 ዓ.ም. ኖረች።

ከመሥራቹ በኋላ

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። መሥራቹ ከሞተ ሐሳቡ ይኖራልን?

ሚግሮ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ በመደብሮቹ ውስጥ የአልኮል መጠጥ አይሸጥም፤ ትንባሆም አይሸጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቤት እመቤቲቱን ገንዘብ ለማዳን የተነሣ መደብር ያንኑ ገንዘብ ባልዋ በመጠጥ እንዲጨርሰው መርዳት የለበትም። በእኛ ከተማ «ግሮሰሪ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ቢራና አረቄ የሚጠጣበትን ቤት ስለ ሆነ፥ መጠጥ የማይሸጥ ግሮሰሪ መባሉ ለጓደኞቼ እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ነበር። ለማንኛውም ይህ ደንብ ሚግሮን በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ ያስቀርበታል፤ ተፎካካሪዎቹ ወይንና ቢራ እየሸጡ ሲያተርፉ እርሱ ይመለከታል።

በ2022 ዓ.ም. ጉዳዩ ለአባላት ቀረበ። ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ አባላት «መጠጥ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?» ተብለው ተጠየቁ። በየማኅበሩ ደንቡን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነበር። ድምፁ ሲቆጠር ዐሥሩም የክፍለ አገር ማኅበራት «አይሸጥ» አሉ። መሥራቹ ከሞተ 60 ዓመት ሆኖታል፤ ድምፅ ከሰጡት ብዙዎቹ በእርሱ ዘመን አልተወለዱም። ሆኖም ደንቡን ጠበቁት። የጠበቀው ሙት መሥራች ሳይሆን ሕያው አባል ነው።

ነገሩን ግን ከልክ በላይ ማሳመር አልፈልግም። በ2007 ዓ.ም. ሚግሮ ዴነር የሚባለውን ሌላ የመደብር ድርጅት አብላጫ ድርሻ ገዛ፤ ዴነር ደግሞ መጠጥም ትንባሆም ይሸጣል። በአንድ እጁ የዘጋውን በር በሌላ እጁ ከፈተ የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ደግሞም በ2024 ዓ.ም. ሚግሮ ወጪው ስለ ከበደበት ብዙ ሠራተኞች እንደሚቀንስና አንዳንድ ድርጅቶቹን እንደሚሸጥ አስታወቀ። ከሚሸጡትም አንዱ ዱትቫይለር በ1935 ዓ.ም. ተራው ሰው በርካሽ ዕረፍት እንዲያገኝ ብሎ ያቋቋመው ሆቴልፕላን የሚባለው የጉዞ ድርጅት ነበር። ስለዚህ ሐሳብ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለዘላለም የሚኖር አይደለም። በየጊዜው ይፈተናል፤ አንዳንድ ጊዜ ያሸንፋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይሸነፋል።

የሚግሮ ሐሳብ ከስዊዘርላንድም ውጭ ወጥቶአል። በ1954 ዓ.ም. ሚግሮ ከኢስታንቡል ከተማ አስተዳደር ጋራ ሆኖ በቱርክ አገር ሥራ ጀመረ፤ እዚያም የተጀመረው እንደ ዙሪኩ በመኪና ነው። በ1975 ዓ.ም. ስዊሶቹ ድርሻቸውን ለቱርክ ባለ ሀብቶች ሸጠው ወጡ። በቱርክ ያለው መደብር እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይሠራል፤ ነገር ግን የአክሲዮን ኩባንያ ነው እንጂ የገዢዎቹ ንብረት አይደለም። ስም መውረስ ቀላል ነው፤ ደንብን መውረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምናገኘው ትምህርት ምንድር ነው? ብዙ ሰው ርካሽ ዋጋን እንደ ደግነት ይቆጥራል። ርካሽ ዋጋ ግን ብልሃት ነው እንጂ ገና ደግነት አይደለም። ደግነቱ የሚታወቀው በብልሃቱ የተገኘው ሀብት የማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ነው። ዱትቫይለር የመጀመሪያውን በ1925 ዓ.ም. በአምስት መኪና አሳየ፤ ሁለተኛውን በ1941 ዓ.ም. በድርሻ ወረቀት አሳየ። ሦስተኛውን፥ ማለትም አደራን መጠበቅን፥ እርሱ ሊያሳየን አልቻለም፤ ያንን ያሳዩት በ2022 ዓ.ም. ድምፃቸውን የሰጡት አባላት ናቸው።

በአገራችንም በየከተማው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ዘይት ወይም ስኳር ለመግዛት በሱቃቸው ደጅ ተሰልፎ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀሁ በኋላ እናቴን «እማዬ፥ አንቺ የማኅበሩ አባል ነሽ ወይስ ገዢ ብቻ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም ከሣጥንዋ ውስጥ ያረጀ የአባልነት ደብተር አውጥታ አሳየችኝ፤ በጠቅላላው ጉባኤ ድምፅ እንዳላት ግን አስባው እንደማታውቅ ነገረችኝ። እስካሁን ሰልፉን እንጂ ድምፁን አላወቅንም ነበር። በሚቀጥለው ጉባኤ አብረን ለመሄድ ተስማምተናል።

ክቡራን አንባቢያን፥ ትምህርት ቤታችንም መሥራቾች ነበሩት፤ ያሰቡትም ነገር ነበር። ዛሬ በበዓሉ ቀን ሰንደቅ ሰቅለን፥ ዘምረን፥ ፎቶግራፍ ተነሥተን ብንለያይ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። የተቀበልነው አደራ ምን እንደ ሆነ ጠይቀን ማወቅ፥ ካወቅነውም በኋላ ዋጋ በሚያስከፍለን ቀን መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው። ዱትቫይለር ለገዢዎቹ የሰጣቸው የ30 ፍራንክ ወረቀት ነው፤ እኛ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር በነፃ ተሰጥቶናል።